ዜናው በማን በኩል መጣ?

ስለ ጋዜጠኝነት ታሪክ የሚያስተምሩ ጥራዞች አነሣሣቸው አንድ ዓይነት ነው። ከሮም ይጀምራሉ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ59 ዓመት ዩልየስ ቄሣር የምክር ቤቱ ውሎ በአደባባይ እየተለጠፈ እንዲነበብ ማዘዙን ይነግሩናል። ከዚያ አሥራ አምስት መቶ ዓመት ዘልለው ጀርመን አገር፣ ጉተንበርግ ማተሚያ ቤት ይገባሉ። ቀጥሎ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ ቴሌግራፍ፣ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት። ኢትዮጵያ ብቅ የምትለው ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል ነው፤ በግማሽ ገጽ «አእምሮ» ጋዜጣ ትመሠረታለች፣ በቀረው ግማሽ ስለ ፕሬስ ነጻነት ጥቂት ይባልና የክለሳ ጥያቄ ይከተላል።

እነዚህን ጥራዞች ደጋግሜ ያነበብኩት ወድጄ አይደለም። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ አማርኛ የሚያስተምር ሰው ደግሞ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ይጣልበታል፤ ያልተጻፈ ሕግ ነው። ሚኒ ሚዲያ ማለት በእኛ ግቢ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሞንታርቦዎች፣ ጎኑ በፕላስተር የተጠገነ ማጉያ፣ ነፋስ እንዳይገባበት በመሐረብ የተጠቀለለ ማይክሮፎን እና የእረፍት ሰዓት ነው። ከጦሳ በኩል ነፋስ ሲነሣ ዜናው ከግቢያችን ይልቅ ለጎረቤት ይሰማል። ልጆቹ መናገር ይወዳሉ፤ በተለይ ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ። «ዜና ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው የጥራዙን ብያኔ አንድ ፊደል ሳያጎድሉ ይወጡታል፤ በማይክሮፎኑ የሚያነቡት ግን ከስልክ የገለበጡትን ነው።

ከማሽኑ ጋር ጠብ የለኝም። ታሪኩ በማሽን ብቻ ሲተረክ ግን አንድ ነገር ይጠፋል፤ በተፈጸመው ነገርና በሰሚው ጆሮ መካከል የቆመው ሰው። ማን አየ? ማን አስተላለፈ? ማን አስቀረ? ወሎ ውስጥ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ትርፍ ጥያቄ አይደለም። ወሎ የዓለም ዜና የሆነባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ዜናውን የነገረው ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፤ እኛም ስለ ራሳችን የሰማነው ዞሮ ዞሮ ሲደርሰን ነው።

ስለዚህ ልጆቹን ከሮም ሳይሆን ከወረኢሉ አስጀመርኳቸው።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያስነገሩትን የክተት አዋጅ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ አድዋ በደረሰ ቁጥር በመድረክ ላይ ሲነበብ ይሰማዋል። እንደ ዜና አንብቡት ስላቸው ግን ግራ ገባቸው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብዬ ጻፍኩና ከአዋጁ እየፈለጉ እንዲሞሉ አዘዝኩ። ሁሉም ተሞላ። ማን? ባሕር አልፎ የመጣ ጠላት። ምን አደረገ? «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር።» እንዴት ይመከታል? ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በሐዘኑ። መቼ? በጥቅምት። የት? የሸዋ ሰው «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ።» ወረኢሉ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ናት፤ ከተማሪዎቼ መካከል አያቶቹ እዚያ የሚኖሩ ልጅ አለ፤ ኩራቱ ሳምንት ሙሉ አልበረደም።

አንዲት ልጅ ጥሩ ነገር አስተዋለች። «ዋናው ነገር ለምን መጨረሻ ላይ መጣ?» አለች። ጥራዙ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው፤ ዋናውን ከአናቱ ላይ አስቀምጥ፣ ዝርዝሩ ይከተል ይላል። ይህ አጻጻፍ የቴሌግራፍ ዘመን ልጅ ነው ይባላል፤ መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ዋናው እንዲደርስ። አዋጅ ግን በገበያ መሐል በጆሮ የሚሰማ ነው። ነጋሪት ተጎስሞ ሰው እስኪሰበሰብ፣ ጫጫታው እስኪበርድ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይባክናል። ሰሚው ይዞት ወደ ቤቱ የሚገባው የመጨረሻውን ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ቀደመ፣ ቁጣው ቀጠለ፣ ቦታና ቀኑ መጨረሻ ላይ ዋለ። አዋጁን ያዘጋጀው ሰው ሰሚውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ያም ሆኖ አዋጅ ጋዜጠኝነት አይደለም። አዋጅ ነጋሪውን «በምን አወቅህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሥራው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እስከ ማለት ነው። ዛሬ ሞንታርቦ ጭኖ በፒያሳና በአራዳ እየዞረ ስብሰባ የሚጠራው መኪናም የእሱ የልጅ ልጅ ነው፤ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን ቆሞ ጥያቄ አይቀበልም። የሚገርመው የጥንት ነገሥታት ራሳቸው ይህ አንድ መንገድ ብቻ እንደማይበቃቸው ያውቁ የነበረ መሆኑ ነው፤ «እረኛ ምን አለ?» የሚያስብላቸው ይኸው ነው። ሹም ያልነገራቸውን ከእረኛ ዘፈን ይፈልጉ ነበር።

ለጋዜጠኝነት የቀረበውን ነገር ያገኘሁት ግን ከነገሥታቱ ዘንድ አይደለም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ነው።

ባቲ የደጋውና የቆላው ሰው የሚገናኝባት ናት። ከአፋር በኩል ግመልና ፍየል ይወጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል። አፋርኛ ከሚችል የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄጄ ከግመል ተራው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ ሁለት አፋሮች ተገናኙ። አንዱ ገና መድረሱ ነው፤ ሌላው ሊመለስ የተነሣ ይመስላል። ሰላምታው ረዘመ፤ ከዚያ ጥግ ፈልገው ቁጭ አሉ። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፣ በየመሐሉ «ሰምቻለሁ» የምትል ዓይነት አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ንግግሩን አያቋርጥም። ሲጨርስ ተራው ተለወጠ። ግመል ሊገዛ የቆመ ነጋዴ እየጠበቀ ነበር፤ ማንም አልቸኮለለትም።

ይህ አፋሮች ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት፣ ዳጉ ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሣር፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ጸጥታ፣ በመንገድ ላይ ስለታየ እንግዳ ሰው ወይም መኪና፣ ስለ ሞተና ስለ ወለደ ይባባላሉ። ባልደረባዬ በሹክሹክታ ሲተረጉምልኝ ጆሮዬን የሳበው የወሬው ይዘት ሳይሆን አቀራረቡ ነው። ተናጋሪው «ይህን በዓይኔ አይቻለሁ» ያለውንና «ይህን እገሌ ነገረኝ፤ እሱም ከእገሌ ሰምቶ ነው» ያለውን ለየብቻ ያስቀምጣል። ሰሚው ደግሞ ይጠይቃል፤ መቼ? ወዴት በኩል? ስንት ነበሩ? ሐሰት ይዞ የመጣ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ በጎሣው ሥርዓትም ይጠየቅበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሣር አለ ተብሎ ከብት ሦስት ቀን ተነድቶ ሣሩ ከሌለ ከብቱ ያልቃል። እዚያ የዜና ስሕተት በማረሚያ አይመለስም።

ከዚያ ወዲህ የክበቡን ደብተር ገጽ ለሁለት አስከፍዬዋለሁ፤ በግራ «ያየሁት»፣ በቀኝ «የሰማሁት፣ ከማን»። የመጀመሪያው ሳምንት የግራው ዓምድ ባዶ ነበር። የእግር ኳስ ዜና አንባቢው ልጅ በቀኙ ዓምድ «ከፌስቡክ» ብሎ ጻፈ። ፌስቡክ ሰው አይደለም፤ ማን ጻፈው? ብዬ መለስኩለት። እስካሁን ያኮርፈኛል።

የፈረንጁን ታሪክ ጨርሶ አልተውኩትም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንገላግለዋለን። በ1605 እ.ኤ.አ. ዮሐን ካሮሉስ የሚባል ሰው ስትራስቡርግ ላይ የመጀመሪያ የሚባለውን ጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ ቀድሞ በእጅ እየጻፈ ለሀብታሞች ይሸጠው የነበረውን ነው ወደ ማተሚያ ያዞረው። በ1833 ኒው ዮርክ ላይ ጋዜጣ በአንድ ሳንቲም መሸጥ ጀመረና የቀን ሠራተኛውም አንባቢ ሆነ፤ ወጪውን የሚሸፍነው ግን ማስታወቂያ ነበርና አንባቢው ራሱ ለማስታወቂያ ነጋዴው የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በ1835 ፓሪስ ላይ አቫስ፣ በ1846 ኒው ዮርክ ላይ አሶሺየትድ ፕሬስ፣ በ1851 ለንደን ላይ ሮይተርስ የሚባሉት የዜና ወኪሎች ተቋቋሙ። የሮይተርስ መሥራች ሮይተር ለንደን ከመግባቱ በፊት የቴሌግራፍ ሽቦ ያልደረሰበትን ክፍተት በርግብ ያሻግር ነበር፤ ልጆቹ ከምዕራፉ ሁሉ የሚያስታውሱት ይህንን ነው። የዜና ወኪል መምጣት ግን ከርግቡ በላይ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ በማያውቁት አገር የሆነውን ለማያውቁት ሰዎች የሚሸጥ፣ ዜናን እንደ ጥጥ በጅምላ የሚነግድ ድርጅት መጣ። አድዋ ላይ በየካቲት 1888 ዓ.ም. የሆነው በቴሌግራፍ ሮም ደርሶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጣልያኑን ጠቅላይ ሚኒስትር የክሪስፒን መንግሥት ከሥልጣን አወረደ።

አገር ውስጥ የታተመው ቃል ግን ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ብዙም አልራቀም። «አእምሮ»ን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጀመረው አንድሪያስ ካቫዲያ የሚባል ግሪካዊ ነው። መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈች በ24 ቅጂ ትወጣ ነበር፤ ስሟንም ያወጡላት ምኒልክ ናቸው። ሃያ አራት ቅጂ ብሎ መሳቅ ይቀናናል። ለእነማን እንደምትደርስ ካሰብን ግን አያስቅም፤ በእነዚያ ሃያ አራት ሰዎች እጅ ያልነበረ ሥልጣን አልነበረም። በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያስጀመሩት «ብርሃንና ሰላም» ሲመጣ አንባቢው በዛ፣ ክርክርም ታየበት፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ባርነት፣ ስለ ሥልጣኔ ተጻፈበት። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጣ «አዲስ ዘመን»፣ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን። ሁሉም መንግሥት የወለዳቸው ናቸው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ከማተሚያው ዋጋና ከአንባቢው ቁጥር አንጻር ሌላ ማን ሊያቋቁመው ይችል ነበር? ነገር ግን ልጅ ያሳደገውን አባት ጥያቄ መጠየቅ ይከብደዋል፤ የአገራችን ጋዜጠኝነት እስከ ዛሬ ያልለቀቀው ሳል ከዚህ የተጀመረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.።

ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛውረው ነበር፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ተከትለዋቸው መጥተዋል። ዜና አጥተው ተሰላችተው እንደነበር መገመት አይከብድም፤ ጦርነቱ ሰሜን ነው፣ እነርሱ ደሴ። በዚያ ጠዋት የጣልያን አውሮፕላኖች መጡና ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ተመታ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበራቸው ድንኳኖችም አልተረፉም። ጃንሆይ ከፀረ አውሮፕላን መትረየስ ኋላ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ ከዚያው ከደሴ ነው፤ በዓለም ጋዜጦች ላይ ዞሯል። ቦምብ የጣለውም ሆነ የተጣለበት ወገን የራሱን ቢናገር፣ ይህን ያህል የሦስተኛ ወገን ዓይን ባለበት ቦታ መካድ ከባድ ነው። ጋዜጠኛ በቦታው መገኘቱ ምን ማለት እንደሆነ ለልጆቹ የማስረዳው በዚህ ቀን ነው።

አያቴ ያን ጊዜ ልጅ ነበረች። ስለዚያ ቀን ስታወራ ግን ስለ ጃንሆይም ስለ ሆስፒታሉም ስትል ሰምቻት አላውቅም። የምታወራው ስለ ጎረቤታቸው ጎተራ ነው፤ ማሽላው እየተቃጠለ ለሁለት ቀን የቆሎ ሽታ ሰፈሩን ሞልቶት እንደነበረ፣ ልጆች ደግሞ የዋህ ናቸውና ርቧቸው እንደነበረ። ጎተራው የትም ጋዜጣ ላይ አልወጣም። ሊወጣም አይችልም ነበር፤ ዘጋቢው አማርኛ አያውቅም፣ የቴሌግራም ቃል በዋጋ ነው፣ ለንደን ያለው አንባቢ የሚያውቀው አንድ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ንጉሠ ነገሥቱን ነው። ዜናው ሐሰት አልነበረም። በደሴ ዜና ውስጥ ግን ደሴዎች አልነበሩበትም።

የኖርዌይ ተመራማሪዎቹ ዮሐን ጋልቱንግና ማሪ ሩጌ በ1965 እ.ኤ.አ. ይህንን ጉዳይ በሥርዓት አጠኑት። የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውሶች የኖርዌይ ጋዜጦች እንዴት እንደዘገቡ ተመልክተው የትኛው ክስተት ዜና እንደሚሆን፣ የትኛው እንደሚቀር የሚወስኑ ነገሮችን ዘረዘሩ። ታዋቂ ሰው ካለበት፣ ኃያል አገር ከገባበት፣ ክፉ ከሆነ፣ ቅርብ ከሆነ ዜና ይሆናል። ከሁሉ በላይ እኔን የያዘኝ ግን ስለ ፍጥነት ያሉት ነው። ጋዜጣ በየቀኑ ይወጣል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ይመቸዋል። ቦምብ ይመቸዋል። ድርቅ አይመቸውም።

ይህን አንብቦ የ1965ቱንና የ1966ቱን ወሎ አለማሰብ አይቻልም። ረሃብ በአንድ ጠዋት አይመጣም። መጀመሪያ በልግ ይቀራል፤ ዜና አይደለም። ከዚያ ክረምቱ ያጥራል፤ አሁንም አይደለም። በሬ ይሸጣል፣ ከዚያ የቤቱ ክዳን እንጨት ይሸጣል፣ ከዚያ ሰው ልጁን ይዞ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አስመራ በሚሄደው መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሕዝብ በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ በመስኮት አይቶታል። ሹፌሩ ያውቃል፣ ነጋዴው ያውቃል፣ አስተዳዳሪው ያውቃል። የመንግሥት ጋዜጦች ግን ለወራት ዝም አሉ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ወስደው ለተማሪው አሳዩ፤ ነገሩ ያን ጊዜ መንቀሳቀስ ጀመረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ታየ። ርዕሱ ረሃቡን «ያልታወቀው» ይለዋል። ለለንደን ነው እንጂ።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ስለ መገናኛ ብዙኃን ከማንም መጽሐፍ በላይ ያስተምራል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ግን እንዳለ አላሳየውም። በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥት ድግስና ለውሻ ሥጋ ሲቀርብ የሚያሳይ ምስል ሰካበት። በማግሥቱ ጠዋት ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር፤ ሁለቱን አጋጥሞ የሰፋው እጅ ግን የጋዜጠኛ እጅ አልነበረም። ለአንድ ዓመት ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ሰው ዓይን የተሰወረው ምስል በአንድ ሌሊት ለሁሉም የታየው ለማሳየት የፈለገ ስለመጣ ነው። የወሎ ገበሬ እዚህም ላይ አልተጠየቀም።

ከዚህ ትምህርት ተወስዷል ብሎ የሚያስብ ካለ አሥር ዓመት ይቁጠር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር ረሃቡ ሰሜኑን ይዞት ነበር፤ ለውጭ ጋዜጠኞች ወደዚያ መሄጃ ፈቃድ የተገኘው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ዘገባ ታየ። ኮረም ያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ዘገባውን ከ400 በላይ ጣቢያዎች እንዳሳዩት ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ የጎረፈውን እርዳታ ዓለም ያውቀዋል። ስለ አሚን ካሜራ ክፉ መናገር አልችልም፤ ብዙ ሰው አድኗል። በዚያ ካሜራ ምክንያት ግን የወሎ ስም ለአንድ ትውልድ ከአንድ ዓይነት ምስል ጋር ተጣበቀ። በውጭ አገር ስብሰባ ላይ ከየት መጣህ ተብዬ «ከወሎ» ስል የጠያቂው ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። ያዘነልኝ መሰለው። ደሴ ላይ ቁርስ በልቼ የመጣሁ ሰው ነኝ።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲቀር እኔ ተማሪ ነበርኩ። የግል ጋዜጦች ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ማታ ይደርሱ ነበር፤ ፒያሳ ላይ በኪራይ የሚያስነብቡ ልጆች ነበሩ፤ ቆመህ አንብበህ ትመልሳለህ። ሁለት ሰዎች አንዱን ጋዜጣ በሁለት ጫፍ ይዘው አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ገጽ ሊገልጥ ሲታገል ማየት የተለመደ ነበር። ስለ ጋዜጦቹ ጥራት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሐሜትም ነበረባቸው፣ ስድብም። ሆኖም ስለ አዲስ አበባ ነበሩ። የእኛ ከተማ የራሷን ድምፅ በሞገድ የሰማችው የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሲመጡ ነው፤ የቧንቧ ውኃ የሚመጣበት ቀን፣ የሰኞ ገበያ የጤፍ ዋጋ፣ የጠፋ ልጅ። ከትልቁ ፖለቲካ ይልቅ በዚህ ነው ራዲዮን የምወደው።

ስለ 2014 ዓ.ም. በአጭሩ አልፋለሁ፤ ረጅሙን ለማውራት ገና ነው። በጥቅምት 20 ገደማ አንዱ ወገን ደሴን ይዣለሁ አለ፤ መንግሥት ሐሰት ነው አለ። እኛ እዚሁ ነበርን። የገረመኝ ይህ ነው፦ ሸዋ በር አካባቢ ቆሜ ሳለ ከአዲስ አበባ ዘመድ ደውሎ ሸዋ በር ላይ ስላለው ነገር ይነግረኝ ነበር፤ በስልኩ ያነበበውን። «ኧረ እኔ እዚያው ነኝ» ብለው «እሱ እንኳ አንተ አላየህ ይሆናል» አለኝ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሕዝብ መሐል ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ሰው ያቆመው ነበር፤ የሚጠየቀውም «ምን አለ?» ብቻ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ሆነው አንዱን ወጣት ሲይዙት ሰምቻለሁ፤ «ቆይ ልጄ፤ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ወጣቱ ትንሽ አሰበና «ሰምቼ» አለ። «ከማን?» አሉት። መልስ አልነበረውም፤ ሽማግሌው ለቀቁት፣ ወሬውንም ለማንም አልደገሙትም። ከተማዋ ኅዳር 27 መለቀቋ እስኪነገር ድረስ በዚያ ዓይነት ሚዛን ነው የኖርነው።

ሰው በመረጃ መንገድ ላይ እንደ በር ጠባቂ መቆሙን ዴቪድ ማኒንግ ዋይት የሚባል አሜሪካዊ በ1950 እ.ኤ.አ. በአንድ ትንሽ ከተማ ጋዜጣ አጥንቶታል። በወኪሎች በኩል የሚገባውን ዜና የሚመርጠው አዘጋጅ የጣለውን ሁሉ ከምክንያቱ ጋር እንዲጽፍለት ለመነው። ሰውየው ከገባው ዘጠኝ አሥረኛውን ያህል ይጥል ነበር፤ ምክንያቱም አንዳንዴ የቦታ ጥበት፣ አንዳንዴ የራሱ ጥላቻ። ይህን ሳነብ አሜሪካ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። የእኛ ሚኒ ሚዲያም በር አለው፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ናቸው።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃ መቋረጡን ዘገባ አድርጋ አመጣች። የግራው ዓምድ ሞልቷል፤ በየቀኑ እየገባች አይታለች። በቀኙም የዘበኛው ቃል አለ፤ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ለጥገና ደብዳቤ ተጽፏል፣ መልስ አልመጣም። በክበቡ ከተጻፉት ሁሉ የተሻለው ዜና ነበር። ምክትሉ አነበቡትና «የትምህርት ቤቱን ስም ያጠፋል» አሉ። በምትኩ «ትምህርት ቤቱ የውኃ አቅርቦትን ለማሻሻል እየሠራ ነው» ተብሎ እንዲነበብ ሐሳብ አቀረቡ። ክፉ ሰው አይደሉም። የወላጆች ስብሰባ ቀርቦ ነበር፤ እሳቸውም ከበላያቸው በር ጠባቂ አለባቸው።

ብዙ ተነጋገርን። ልጅቱ ራሷ መውጫ አገኘች፤ ዘገባው እንዳለ ይነበብ፣ የምክትሉ መልስም በስማቸው ይከተል አለች። «እርስዎ የሚሉትን ቃል በቃል አነብባለሁ፤ አልቆርጥም» አለቻቸው። ተስማሙ። ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ተነበበ፤ ነፋስ አልነበረምና ሁሉም ሰማው። ፓምፑ በሚቀጥለው ሳምንት ተጠገነ። ዜናው ነው ያስጠገነው እንዳልል ደብዳቤው ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው፤ ልጆቹ ግን በዚህ ጥርጣሬዬ ፈጽሞ አይስማሙም።

ምክትሉ ደስ ብሏቸው «በሉ አሁን ውኃው መምጣቱን ደግሞ አንብቡ» አሉ። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ ጽፋዋለች። ውኃው መጥቷል፤ ከአራቱ ቧንቧዎች ግን የሚሠራው አንዱ ነው ይላል። ምክትሉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፤ ቆጥሬ ነው» አለቻቸው።